ባሕር ዳርን ሳንታመም እንያት



ወረታ ውስጥ አንድ ሰው «ነገ ባሕር ዳር ልሄድ ነው» ቢል የሰማው ጎረቤት ሁሉ ደንግጦ «ምነው፣ ማን ታመመ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በጠያቂው አይፈረድም። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ደኅና ከሆነ ሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ያደርሳል። ይሁን እንጂ የፎገራ ቤተሰብ ወደዚያች ከተማ የሚወርደው ወይ በሽተኛ ይዞ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለመግባት፣ ወይ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ወይ ለሱቁ ዕቃ ለማምጣት፣ ወይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ፍራሽና ሻንጣ ተሸክሞ ለመሸኘት ነው። ጉዳዩ እንዳለቀም ባገኘው መኪና ይመለሳል። ትንንሾቹ ልጆች ባሕር ዳርን የሚያውቋት አያታቸው ታመው የተወሰዱባት ከተማ እንደሆነች ብቻ ነው።

በመሆኑም በዛሬው ጽሑፋችን አንድ የወረታ ቤተሰብ ቅዳሜንና እሁድን ማንም ሳይታመምና ማንም ሳይከሰስ ባሕር ዳር ላይ ለማሳለፍ ቢያስብ ነገሩን እንዴት ማቀድ እንዳለበት እንነጋገራለን። ገና ከጅምሩ «ይህማ ኢስራፍ ነው፤ ገንዘብ ማባከን ነው» የሚሉ አባቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ማባከን በእርግጥ የተጠላ ነው። ነገር ግን ለአንድ ቀን ሠርግ ተበድሮ የሚደግስ ሰው፣ ልጆቹን ሐይቅ ለማሳየት ሲሆን ጊዜ ብቻ ስለ ቁጠባ የሚያስተምር ከሆነ፣ ነገሩ የገንዘብ ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሩዝ ማሳ፣ በወፍጮ ቤት፣ በሱቅና በማጀት ተበታትኖ የሚውል ቤተሰብ ሁለት ቀን አንድ ላይ መዋሉ ራሱን የቻለ ትርፍ አለው።

የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር መንገዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ሳቢያ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ በተለያየ ጊዜ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል፤ ይህን የወረታ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ከመነሻው ዕለት በፊት ባለው ማታ ቢያንስ ለሁለት ሰዎች መደወል ያስፈልጋል፤ አንዱ በዚያው ቀን መንገዱን የተመላለሰበት ሹፌር፣ ሌላው ሐሙሲት ወይም ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ቅሩ። «ምንም አይልም፣ አላህ ያውቃል» ብሎ ሕፃናት ጭኖ መነሳት ተወኩል አይደለም። ለአልጋ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ፤ ለልጆችም ቀኑን ቆርጣችሁ አትንገሩ። «ኢንሻ አላህ» የምንላት ቃል አንዳንድ ጊዜ ማምለጫ ትሆንብናለች፤ እዚህ ላይ ግን እውነተኛ ቦታዋ ነው። አዋቂዎች ሁሉ መታወቂያ መያዝ አለባቸው፤ ፍተሻ ላይም አልጋ ስትይዙም ትጠየቃላችሁ። ጉዞው በብርሃን ተጀምሮ በብርሃን ያልቅ። ጁምዓ ሰግዶ ዐሥር ላይ መነሳት ብዙዎችን ይማርካል፤ እኛ ግን አንመክረውም፤ መኪና እስኪሞላ ስትጠብቁ ቀኑ መሽቶ ያገኛችኋል። ቅዳሜ ፈጅርን ቤታችሁ ሰግዳችሁ፣ ቁርስ ቀምሳችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ መነሳት ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በየትኛው ወር የሚለው ነው። የፎገራ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። መልክአ ምድሩ አምሮ የሚታየው፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴም ሞልቶ የሚወርደው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በእነዚህ ወራት ግን ሩዙ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ኪስም በደብተርና በትምህርት ቤት ልብስ ተራቁቷል። ሩዙ በኅዳር ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ እጅም እግርም ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ፏፏቴው ይከሳል። ሁለቱ አይገጥሙም። የእኛ ምርጫ ታኅሣሥ ወይም የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆች የሚያርፉበት የጥር መጨረሻ ነው። ከገናና ከጥምቀት ሰሞን ግን ራቁ፤ ጎንደር የሚወጣው እንግዳ በባሕር ዳር ስለሚያልፍ አልጋውም መኪናውም ይወደዳል። የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ የዘንድሮው የት ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

እዚህ ላይ ስለ ጢስ ዓባይ ያለንን አስተያየት በግልጽ እናስቀምጥ። ልጆቹ «ባሕር ዳር» ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው፤ በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ሥዕል ነውና። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ከመኪና ወርዶ በእግር መሄድም አለ። ውኃው ደግሞ የድሮው ውኃ አይደለም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ ሁለቱም የሚጠቀሙት ወደ ፏፏቴው የሚሄደውን ወንዝ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውኃውን ከሐይቁ ወደ በለስ ይወስዳል። ለአገር መብራት ነው፣ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን በጥር ወር አያትን በዚያ አቀበት አስወጥቶ ቀጭን ጅረት ማሳየት ለማንም አይበጅም። በሁለት ቀን ውስጥ ሐይቁም ፏፏቴውም ገበያውም ዘመድ ጥየቃውም ካልሆነ የሚል ቤተሰብ የሚያየው የመኪና መስኮት ብቻ ነው። ፏፏቴውን ለሌላ መስከረም አቆዩት።

ዕቅድ የሚለካው በቤቱ ውስጥ ቶሎ በሚደክመው ሰው ነው። አያት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ የእርሳቸው ጉልበት ነው መርሐ ግብሩን የሚያወጣው። የሚጠባ ሕፃን ካለም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ ጎረምሳው ወንድ ልጅ ያሻውን ያቅዳል፣ እናት ሕፃን አዝላ ከኋላ ትከተላለች፣ ማታ ላይም «እኔ ምን አየሁ?» ትላለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሁሉንም አስቀምጡና እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ። ሐይቅ፣ ገበያ፣ ዓሣ፣ ድልድይ፣ ባጃጅ ላይ መውጣት ብቻ የሚል ትንሽ ልጅም አይጠፋም። ከተመረጠው ውስጥ ለቅዳሜ አንድ ትልቅ፣ ለእሁድ አንድ ትንሽ ነገር ያዙ።

ገንዘቡን በወረቀት ላይ ጻፉት። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባ፣ ለዘመድ የሚያዝ ነገር። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ አኃዝ ብንጽፍ ያሳስታችኋል፤ አንድ የስልክ ጥሪ ከእኛ የተሻለ ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። የመመለሻው ሒሳብ ከሁሉ አስቀድሞ ተለይቶ በእናት እጅ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ በቴሌብር ብቻ ተማምናችሁ አትውጡ፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ዳቦና ቆሎ ከቤት ቢያዝ የልጆችን የመንገድ ጩኸት ግማሹን ያስቀራል። ለዘመድ ደግሞ ከፎገራ ሩዝ የተሻለ ስጦታ የለም።

በጉዞ ላይ ሦስት ሰዎችም ቢሆኑ ከመካከላቸው አንዱን አሚር አድርገው መሾማቸው ሱንና መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በቤተሰብ ጉዞ አሚሩ አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። አባቶች ሆይ፣ አሚር መሆን ማለት ከሹፌሩ አጠገብ ከፊት ወንበር መቀመጥ ማለት አይደለም። እናት የጻፈችውን ዝርዝር ማንበብ፣ የመድኃኒቷን ፌስታል መያዝ፣ ውሳኔ ሲያስፈልግም ሳይጮሁ መወሰን ነው።

ስለ ሶላት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ እናሳጥራለን ወይ? ብዙዎቹ ዑለማዎች ሶላት የሚያጥርበትን የጉዞ ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ አድርገው ያሰላሉ። በዚህ ስሌት ከወረታ ባሕር ዳር አይደርስም፤ ከወረታ ጎንደር ግን ይደርሳል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በልማድ «ጉዞ» በሚባለው የሚለኩ ዑለማዎችም ስላሉ የሰፈራችሁን ኢማም ጠይቃችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ፤ መናኸሪያ ላይ ቆሞ መከራከር ደስ አይልም። በባሕር ዳር መስጊድ አታጡም። አልጋ ስትይዙ ግን በእግር የሚደረስ መስጊድ መኖሩን ጠይቁ፤ ለፈጅር ባጃጅ መፈለግ ይቀርላችኋል።

አልጋ መያዝ ወይስ ዘመድ ቤት ማረፍ? ይህ ጥያቄ የሚያስቀይም ቢሆንም እናንሳው። ባሕር ዳር ውስጥ ዘመድ የሌለው የወረታ ሰው ጥቂት ነው። ዘመድ ቤት ካረፋችሁ ወጪው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ጉዞው ያልቃል። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት አይቻልም፣ ምሳ «ትንሽ ብቻ» ይባላል፣ ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ይውላሉ፣ ሐይቁም በአጥር ማዶ ይቀራል። አቅም ከፈቀደ ቀለል ያለ፣ ንጹሕ፣ መጠጥ ቤት ያልተጎዳኘው ማረፊያ ያዙ፤ ለዘመድም እሁድ ረፋድ ላይ ደውላችሁ ቡና ላይ ድረሱ። ቢቀየሙ ሩዙ ያስታርቃችኋል። አልጋ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ለባለቤቶቹ አስቀድማችሁ «ቅዳሜን ሐይቅ ዳር ነን፤ ማታ ነው የምንመጣው» ብላችሁ በስልክ አስታውቁ። ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ስለሆነ ወባ አለ፤ አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

መንገዱን በተመለከተ ልጆቹን በመስኮት በኩል አስቀምጧቸው። ከወረታ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ እያቋረጡ የጉማራን ድልድይ ማለፍ፣ ከዚያ ሐሙሲት፣ ከዚያ ዘንዘልማ፣ በመጨረሻም ዓባይ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከጎንደር አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ከተማውን የሚያየው ዓባይን ሲሻገር ነው። የእግረኛ መንገድም አለው፤ እሁድ ጠዋት በእግር ለመመለስ ጥሩ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። የፎገራ ልጅ ጣናን በአንድ መልኩ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው የሚገቡት ጣና ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲከብድ ወንዞቹ ከአፋቸው ይሞላሉ፣ ሐይቁም ዳርቻውን ይለቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል። ሩዙም የበቀለው በዚሁ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። እንግዲህ ጣና ወደ ብዙዎቹ ቤት መጥቶ ያውቃል፤ እነርሱ ግን ወደ ጣና ሄደው አያውቁም። ይህን ውኃ ማንም ሳይሸሽ፣ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ በሰላም ማየት ለአንድ የፎገራ አያት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ማዶው አይታይም።

ጀልባ በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁም ይናወጣል። ዋጋ ስትነጋገሩ ለሰው ሳይሆን ለጀልባው በሙሉ፣ ደርሶ መልስ መሆኑን አረጋግጣችሁ ተዋዋሉ። ላይፍ ጃኬት ለሕፃኑ ጭምር ካልቀረበ አትሳፈሩ፤ «ምንም አይሆንም» የሚል ባለ ጀልባ ሌላ ደንበኛ ይፈልግ። ሽማግሌና ሕፃን ላለው ቤተሰብ የሚሻለው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት የሚደረገው አጭር ጉዞ ነው፤ በዚያ ጉማሬ ብዙ ጊዜ ይታያል። ወደ ዘጌ የሚደረገው ረዘም ይላል፤ የቡናው ጫካ ግን ያምራል። በደሴቶቹና በዘጌ ያሉት ገዳማት የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የአምልኮ ቦታዎች ናቸው፤ ለማየት የሚፈልግ ሰው በሥርዓታቸው ይገባል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም፤ ይህን ሳታውቁ ብትሄዱ እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ይቀራሉ። ልጆች በሐይቁ ውስጥ እንዳይዋኙና እንዳይታጠቡ ተጠንቀቁ፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ።

ከሐይቁ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር፤ ለእኛ ከጉማሬው ይበልጣልና። ውኃው ላይ በደንገል የተሠራች ታንኳ ታያላችሁ። የታንኳ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቅባቸው መካከል ነገደ ወይጦ የሚባሉት የጣና ዳር ሰዎች ይገኛሉ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ሙስሊሞች ናቸው። ይሁንና አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለዘመናት ከማዕዱ ለይቷቸው ኖሯል። አደኑ ቀርቷል፤ መለየቱ ግን ቶሎ አልቀረም፤ ከተማው ሲያድግም የሐይቁ ዳር ለሌላ አገልግሎት ስለተፈለገ ከደንገሉ እየራቁ መጥተዋል። የእኛ ሰው «የእስልምና ወንድማማችነት» ሲል እነዚህ ወንድሞች ትዝ ብለውት ያውቃሉ ወይ? ልጆቻችሁ ታንኳው እንዴት እንደሚታሰር ቆመው ይዩ፤ ሠሪውን ሰላምታ ሰጥተው ይጠይቁ። ከደንገል የተሠራ ቅርጫት ወይም ትንሽ ታንኳ ከገዛችሁም ከሠሪው እጅ ግዙ፤ በዋጋውም ብዙ አትከራከሩ። በመንገድ ላይ ስድብ መሳይ ስማቸውን ልጅ ሲያነሳ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ምሳ ዓሣ ይሁን። የሥጋ ነገር በከተማ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጨረቃ ወይም «ቢስሚላህ» የተጻፈበትን ምግብ ቤት ፈልጋችሁ፣ ገብታችሁም ጠይቃችሁ ነው የምትበሉት። ዓሣ ግን ያለ እርድ ሐላል ስለሆነ ብዙ ጣጣ የለውም፤ ዘይቱና መጥበሻው ሥጋ ያልነካው መሆኑን መጠየቅ ይበቃል። ቆሮሶውም አምባዛውም ይገኛል፤ ለሕፃናት አጥንቱን እየለያችሁ ስጡ። በሐይቁ ዳር ያሉት መዝናኛዎች ብዙዎቹ ቢራ ይሸጣሉ፣ ሲመሽም ሙዚቃው ይከፈታል። ቦታው ለእኛ አይሆንም ብሎ ከመሸሽ ይልቅ ሰዓቱን መምረጥ ይሻላል፤ በጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ሻይ የሚጠጡ ቤተሰቦችና የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው ያሉት።

እሁድን አታጨናንቁት። ድልድዩን በእግር፣ አቅም ካለ በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የተሠራበት ነው፣ ዓባይን ከላይ ሆኖ ለማየትም ይመቻል። ከዚያ የዘመድ ቡና። ከወረታ የመጣ የሚታወቅ በሽተኛ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ከአዋቂዎች አንዱ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ይጠይቀው፤ ልጆቹ ግን በዚህ ጉዞ ያንን በር አይርገጡት። ዙሁርን ሰግዳችሁ ተሳፈሩ፤ ዐስርን ቤታችሁ ትደርሱበታላችሁ፣ ሰኞም ትምህርት አለ።

መንገዱ ያልተከፈተ እንደሆነስ? የተጠራቀመው ብር ይቀመጥ፣ ቀኑ ግን አይሰረዝ። ሜዳችን ራሱ እንግዳ የሚመጣበት ነው። በታኅሣሥና በጥር ሸሸርና ወላላ በሚባሉት ረግረጎች አካባቢ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግርና ባለ ረጅም አንገት ወፎች በብዛት ይሰፍራሉ፤ ግራጫዎቹ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ አገር ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ናቸው፣ በራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ደግሞ የራሳችን ናቸው። ረግረጎቹ በእርሻ ምክንያት ከዓመት ዓመት እየጠበቡ ስለሆነ ሳይዘገይ ማየቱ ይሻላል። የዚያ አካባቢ ገበሬ የሆነ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይዛችሁ፣ ያካባቢውን ሰላም እንደ ባሕር ዳሩ መንገድ ሁሉ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ ከፈጅር በኋላ ወዲያው ውጡ፤ ወፎቹ ወደ ታጨደው ማሳ ሊለቅሙ የሚበሩት ፀሐይ ሳትጠነክር ነው። ለልጆቹ የጎማ ቦት ጫማ አድርጉላቸው፤ መሬቱ በበጋም ጭቃ አያጣም።